ለመኪና ቦዲ ፍሬም ክብ ቱቦላሬ ሳይጨማደድ እንዴት ይታጠፋል?

ፒካፕ ኋላ ላይ ሸራ ወይም ላሜራ የሚሸከም ፍሬም መሥራት ለአዳማ ብየዳ ቤቶች እንግዳ ሥራ አይደለም። ብየዳው ብዙም አያስቸግርም፤ እጁ የተፈታ በያጅ በከተማው አይጠፋም። የሚያስቸግረው ማጠፉ ነው። ቅስቱ ሆዱ (የመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን) ተጨማድዶ፣ ጀርባው (ውጫዊው ጎን) ተጠፍጥፎ፣ እግሮቹ ደግሞ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ዞረው ሲወጣ ጥፋቱ በማጠፊያው ይላከካል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ስህተቱ የተሠራው የማጠፊያው እጀታ ገና ሳይነካ፣ ቱቦው ሲገዛና ፎርማው (ቱቦው ተደግፎ የሚታጠፍበት ባለ ቦይ ብረት) ሲመረጥ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ግዢውና ስለ ልኬቱ ረዘም አድርጎ ያወራል፤ እነሱ ከተስተካከሉ ማጠፉ ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው ፍሬም እያንዳንዳቸው ሁለት ቦታ 90 ዲግሪ የታጠፉ ሦስት ቅስቶች አሉት። የእያንዳንዱ ቅስት ውጫዊ ስፋት 1300፣ ቁመቱ 1100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቅስቶቹ ከመሀል እስከ መሀል በ710 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ቱቦው ውጫዊ ዲያሜትሩ 38.1፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ የሆነ ክብ ቱቦላሬ ነው። ከዚህ በኋላ ልኬት ሁሉ በሚሊ ሜትር ነው። መኪናችሁ ሌላ ስፋት ካለው ቁጥሮቹን ቀይሩ፤ ስሌቱ ያው ነው።

አንድ ነገር ከጅምሩ ግልጽ ይሁን። ይህ ዕቃና ሸራ የሚሸከም ፍሬም ነው፤ መኪና ሲገለበጥ ሰው የሚያድን አይደለም። ኋላ ሰው ለመጫን ብላችሁ አትሥሩት። የመኪናን ቦዲ መቀየርም ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ፣ ብረት ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው የተመዘገበበትን የትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለቦሎ ምርመራ ቀርቦ አፍርሱት መባል ብረቱንም ድካሙንም ያስቀራል።

ኢንች ተኩል፣ ግን የቱ ኢንች ተኩል?

አዳማ ላይ በብዛት የምታገኙት በእጅ የሚነፋ ሃይድሮሊክ ማጠፊያ ነው። መሀሉ ላይ ግማሽ ክብ ቦይ ያለው ፎርማ አለ፤ በሁለቱ ጎን ደግሞ ቱቦው የሚደገፍባቸው ሮለሮች። ፎርማዎቹ ላይ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ፣ አንድ፣ አንድ ከሩብ፣ አንድ ተኩል ኢንች የሚል ተጽፏል። ይህ ቁጥር የውሃ ቧንቧ ቁጥር ነው፤ የቱቦላሬ አይደለም።

ልዩነቱ ትንሽ አይምሰላችሁ። የውሃ ቧንቧ ስም ከውጫዊ ልኩ ጋር አይገጥምም፤ አንድ ኢንች የሚባለው ቧንቧ ውጫዊ ዲያሜትሩ 33.7፣ አንድ ከሩብ የሚባለው 42.4፣ አንድ ተኩል የሚባለው 48.3 ነው። ኢንች ተኩል ቱቦላሬ ግን በውጫዊ ልኩ ይጠራል፤ በትክክል 38.1። ስለዚህ በማጠፊያው ሳጥን ውስጥ ለእሱ የሚሆን ፎርማ የለም ማለት ነው። አንድ ከሩብ የሚለው ውስጥ ሲቀመጥ በግራና በቀኝ ከ2 ሚሊ በላይ ክፍተት ይቀራል። ሲገፋ ጎኖቹን የሚይዝለት ግድግዳ ስለሌለ ቱቦው ወደ ጎን ይሰፋል፤ እንቁላል ይሆናል። አንድ ኢንች የሚለው ላይ ሲቀመጥ ደግሞ አይገባም፤ በቦዩ ከንፈሮች ላይ ይሳፈርና ሆዱ ላይ ሁለት ጥልቅ መስመሮች ይቆረጣሉ።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ ለ38.1 ፎርማ ማስቆረጥ፣ ወይ ፍሬሙን ማጠፊያው በተሠራለት በውሃ ቧንቧ መሥራት። ሦስት ቅስት ለምትሠሩ ሰዎችም ቢሆን ፎርማውን ማስቆረጥ ይሻላል ብለን እናምናለን፤ የተበላሹ ሁለት ቱቦዎች ዋጋና የባከነው ቀን ተደምረው ከቶርኖው ሒሳብ አያንሱም። ሰፊ ፎርማ ውስጥ ላሜራ አጉብጦ ማንጠፍ የሚታይ ዘዴ ነው፤ ለአንድ ማጠፍ ይሠራል፣ በሁለተኛው ላሜራው ይንሸራተታል።

ፎርማው ልክ መሆኑን ለማወቅ ቱቦውን ቦዩ ውስጥ አስቀምጡና የብረት መጋዝ ምላጭ በቱቦውና በቦዩ ጎን መካከል ለመክተት ሞክሩ። ምላጩ ከገባ ፎርማው ሰፊ ነው።

ውፍረትን በሚዛን

2 ሚሊ ተብሎ የሚሸጥ ቱቦ ሁሉ 2 ሚሊ አይደለም። ጫፉን በካሊፐር መለካት ጥሩ ነው፤ ግን ጫፉ ላይ የመቁረጫው ቂጣ (ሲቆረጥ የሚቀር የብረት ትርፍ) ስለሚኖር ያሳስታል። ሚዛኑ አያሳስትም። ስሌቱ ይህ ነው፦ ከውጫዊው ዲያሜትር ውፍረቱን ቀንሱ፣ በውፍረቱ አባዙ፣ ከዚያ በ0.02466 አባዙ። የሚወጣው የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ነው። ለእኛ ቱቦ 36.1 × 2 × 0.02466 = 1.78 ኪሎ። ስድስት ሜትሩ ዘንግ 10.7 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት። 8 ኪሎ ከመጣ በእጃችሁ ያለው 1.5 ሚሊ ነው፤ ያ ደግሞ በእጅ ማጠፊያ ያለ አሸዋ ሳይጨማደድ አይታጠፍም።

የምትገዙት አራት ዘንግ ነው። ከሦስቱ ቅስቶቹ ይወጣሉ። ከእያንዳንዱ 2.5 ሜትር ገደማ ስለሚተርፍ ቅስቶቹን የሚያያይዙት አግዳሚዎች ከዚያ ይቆረጣሉ። አራተኛው ለሙከራና ለጎደለው ነው። ለሙከራ የሚሆን ብረት ያልገዛ ሰው ሙከራውን የሚያደርገው በዋናው ብረት ላይ ነው።

ነጭ የተቀባውን፣ ማለትም ዚንክ የተነከረውን ቱቦ ለዚህ ሥራ አትውሰዱ። ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታውኑ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ወተት መጠጣት አያድንም፤ ጭሱ የሚገባው ሳንባ እንጂ ሆድ አይደለም። ሌላ ከጠፋ የሚበየደውን ቦታ 50 ሚሊ ያህል ግራና ቀኝ ዚንኩን በሞረድ አንሱ፣ ብየዳውንም ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ከጭሱ ጎን ቆማችሁ ሥሩ።

አራት ማዕዘን ቱቦላሬ በዚህ ማጠፊያ አይታጠፍም። ጎኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ለእሱ ያለው መንገድ 45 ዲግሪ ቆርጦ መበየድ ነው።

ስሌቱ

የመታጠፊያው ራዲየስ የሚለካው እስከ ቱቦው መሀል መስመር ነው። ለ2 ሚሊ ግድግዳ ከዲያሜትሩ አራት እጥፍ ገደማ ብንይዝ 150 ይሆናል። ከዚህ ሲጠብ ሆዱ መጨማደድ ይጀምራል። በ150 ራዲየስ እንኳ ጀርባው እየተሳበ ይሳሳል፤ 2 × 150 ÷ 169 = 1.78 ሚሊ ገደማ ይቀራል። በ100 ራዲየስ ቢሆን 1.68 ነበር። ፎርማውን ስታስቆርጡ ባለቶርኖው የሚጠይቃችሁ ይህን ራዲየስ ነው፤ እስከ ቦዩ ወለል ከሆነ የሚለካው 150 ሲቀነስ 19፣ 131 በሉት።

የሚቆረጠውን ርዝመት ለማግኘት ውጫዊ ልኮቹን ወደ መሀል መስመር አምጡ። ቁመቱ 1100 − 19 = 1081፤ ስፋቱ 1300 − 38 = 1262። ማዕዘኖቹ ስለት ቢሆኑ ኖሮ ጠቅላላው 1081 + 1262 + 1081 = 3424 ነበር። ቱቦው ግን ማዕዘኑን በቅስት አቋርጦ ያልፋል። በ90 ዲግሪ መታጠፊያ የቅስቱ ርዝመት 150 × 90 × 0.01745 = 235.6 ነው፤ ማዕዘኑ ስለት ሆኖ ቢሄድ ደግሞ 150 + 150 = 300። ልዩነቱ 64.4። ሁለት መታጠፊያ ስላለን 128.8 ይቀነሳል፤ 3295 ይቀራል። በሁለቱም ጫፍ 100 ትርፍ ጨምሩና 3495 ቁረጡ። ትርፉ ቅንጦት አይደለም። እግሮቹ ትንሽ ቢለያዩ የሚስተካከለው በእሱ ነው።

የሃይድሮሊክ ማጠፊያ ከመሀል ወደ ሁለቱም ጎን እኩል ስለሚያጥፍ ምልክት የሚደረገው በመታጠፊያው መሀል ነው። ከትርፉ ጫፍ ተነስታችሁ የመጀመሪያው ምልክት 1149፣ ሁለተኛው 2346 ላይ ይወድቃል። (1149 የሚመጣው እንዲህ ነው፦ ትርፍ 100፣ ቀጥ ያለው እግር 1081 − 150 = 931፣ የቅስቱ ግማሽ 118።) ምልክቱን በቀጭን ማርከር ዙሪያውን አዙሩት። ጠመኔ መስመሩ ሰፊ ነው። በሹል ብረት መጫርም አይገባም፤ ጀርባው ሲሳብ ስንጥቅ የሚጀምረው ከጭረት ነው።

መጀመሪያ አንድ ሜትር እጠፉ

ከላይ ያለው ስሌት ፎርማው በትክክል 150 ነው ብሎ ያምናል። ማመን ብቻ ግን አይበቃም። ከአራተኛው ዘንግ ልክ 1000 ቁረጡ፣ 500 ላይ ምልክት አድርጉ፣ 90 ዲግሪ እጠፉት። ከዚያ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ክንድ ውጫዊ ገጽ ድረስ በስኳድራ ለኩ፤ ሁለቱንም ክንድ። ፎርማው 150 ከሆነ እያንዳንዱ 551 ይመጣል። ሁለቱን ደምሩ፣ 38 ቀንሱ፣ 1000 ቀንሱ፤ 64 ይቀራል። ሌላ ቁጥር ከመጣ በ64.4 ፋንታ በስሌቱ ውስጥ የምታስገቡት እሱን ነው። ራዲየሱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ያን ቁጥር ለ0.4292 አካፍሉ።

ሁለቱ ክንዶች እኩል ካልሆኑ ምልክቱ ከፎርማው መሀል ተንሸራቷል ወይም ሮለሮቹ የተቀመጡባቸው ቀዳዳዎች አይመሳሰሉም። ሮለሮቹን የሚይዙት ሁለቱ ፒኖች የገቡበት ቀዳዳ ቁጥር ተመሳሳይ መሆኑን ሁልጊዜ በዓይናችሁ አረጋግጡ። አንዱ በሌላ ቀዳዳ ከገባ ግፊቱ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፤ መታጠፊያው መጣመሙ ብቻ ሳይሆን የማጠፊያው ዘንግም ሊጎብጥ ይችላል።

ሙከራው ሌላም ያስተምራል። ግፊቱ ሲለቀቅ ብረቱ ጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስንት እንደሚመለስ የሚወሰነው በብረቱ ዓይነትና በውፍረቱ ነው። ከላሜራ የተቆረጠ የ90 ዲግሪ ልክ አዘጋጁ፤ እጠፉ፣ ልቀቁ፣ ለኩ፣ እንደገና ጨምሩ። 90 ሲደርስ ገፊው ዘንግ ምን ያህል እንደወጣ በማርከር ምልክት አድርጉበት፤ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት መታጠፊያዎች የምትመሩት በዚያ ምልክት ነው። አብልጦ የታጠፈን መመለስ ከባድ ስለሆነ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ መድረስ ይሻላል።

አሸዋው

2 ሚሊ ግድግዳ በዚህ ማጠፊያ ባዶውን ሲታጠፍ አንዳንዴ ያምራል፣ አንዳንዴ አያምርም። አሸዋ ከተሞላ ግን ልዩነቱ በእጅ ይዳሰሳል። ለአንድ ቅስት 3.2 ሊትር ያህል ይበቃል። ደቃቅ፣ የተነፋና ፍጹም ደረቅ ይሁን። ምጣድ ላይ ቁሉት፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ከላዩ ስትይዙ ላብ ካላወጣ ደርቋል። የአንዱን ጫፍ በእንጨት ውታፍ ዝጉ፣ ቱቦውን አቁሙና እየሞላችሁ ከታች ወደ ላይ በእንጨት መዶሻ ምቱት። አሸዋው ይወርዳል፤ ጨምሩ፤ እንደገና ምቱ። መውረድ ሲያቆም ሁለተኛውን ውታፍ በኃይል ምቱ። አሸዋው ካልታጨቀ ከባዶ ቱቦ አይሻልም።

በእሳት ለማጠፍ ካሰባችሁ ውታፉ ላይ 3 ሚሊ ቀዳዳ ይኑር። እርጥብ አሸዋ ታሽጎ ሲሞቅ እንፋሎቱ ውታፉን እንደ ጥይት ይወረውረዋል፤ ሰው ይገድላል። የሞቀውን ብረት በውሃ አታቀዝቅዙ። በእኛ ግምት ግን ልክ የሆነ ፎርማና አሸዋ ካለ ለዚህ መጠን ቱቦ እሳት አያስፈልግም።

ማጠፉ

ቱቦውን አንጎላሬ (የL ቅርጽ ያለው ብረት) ውስጥ አስተኙና የአንጎላሬውን ጠርዝ ተከትላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በማርከር አስምሩ። ይህ መስመር ሁለቱ መታጠፊያዎች በአንድ ገጽ ላይ እንዲወድቁ ያደርጋል። መስመሩን የምታሰምሩት የቱቦውን የፋብሪካ ብየዳ ስፌት ተከትላችሁ ነው፤ ስፌቱ ሰማያዊ ጥላ ወይም ስስ ጭረት ይመስላል፣ በጫፉ ወደ ውስጥ ስታዩ ይለያል። ሲታጠፍ ስፌቱ በጎን በኩል ይሁን፤ ጀርባ ላይ ከሆነ ይሳባል፣ ይሰነጠቃል፤ ሆድ ላይ ከሆነ ይጨመቃል። በጎን ያለው ብዙም አይሳብም፣ አይጨመቅም።

የፎርማውን ቦይ ጥረጉ፣ ስስ ግሪስ ቀቡት። ምልክቱን ከፎርማው መሀል፣ መስመሩን ከላይ አድርጋችሁ ግፉ። ቱቦው ሃያ ዲግሪ ያህል ሲታጠፍ አቁሙና ጣታችሁን በሆዱ በኩል፣ የፎርማው ቦይ በሚያልቅበት ቦታ አንሸራትቱ። መጨማደድ ዓይን ከማየቱ በፊት ጣት ያገኘዋል፤ መጀመሪያ እንደ እህል ቅንጣት ያለች ጉብታ ትሰማላችሁ። እሷን ካገኛችሁ አትቀጥሉ። ግፊቱን ልቀቁና ፎርማው ሰፊ መሆኑን፣ አሸዋው መላላቱን ወይም ግድግዳው መሳሳቱን ፈትሹ። የተጨማደደውን በመዶሻ መምታት ቅርጹን ይደብቃል እንጂ ጥንካሬውን አይመልስም፤ ያንን ዘንግ ለአግዳሚ ቁረጡት።

ሁለተኛውን መታጠፊያ ስትጀምሩ የታጠፈውን እግር በውሃ ልክ ከማጠፊያው ጠረጴዛ ጋር አስተካክሉ፣ የተሰመረውም መስመር እንደገና ከላይ ይሁን። እዚህ ላይ የአንድ ዲግሪ ስህተት በ1081 እግር ጫፍ ላይ 19 ሚሊ ይሆናል። ቅስቱ ወለል ላይ ተኝቶ የሚንቀጠቀጠው በዚህ ነው።

ከማጠፉ በኋላ በካሊፐር የመታጠፊያውን ሰፊውንና ጠባቡን ልክ ውሰዱ። ልዩነቱ ከ1.9 ሚሊ ካላለፈ፣ ማለትም ከዲያሜትሩ 5 በመቶ ውስጥ ከሆነ፣ ጥሩ ነው። አሸዋውን ሙሉ በሙሉ አራግፉት፤ የቀረ አሸዋ እርጥበት ይይዛል፣ ብየዳውንም ያበላሻል። ወለሉ ላይ የቅስቱን ሙሉ መጠን ስዕል በጠመኔ ስሉና ሦስቱንም በየተራ አስተኟቸው፤ እርስ በርስም ደራርቡ። የሚወጣና የሚገባ እግር ካለ ትርፉን የምትቆርጡት አሁን ነው።

አፉን መቁረጥና መበየድ

አግዳሚዎቹ ከቅስቱ ጋር የሚገጥሙት ጫፋቸው እንደ ዓሣ አፍ ተቆርጦ ነው። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጫፍ ክብ ላይ ሲቀመጥ ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱን በኤሌክትሮድ መሙላት ቀጭኑን ግድግዳ ይበሳዋል። ልኩ በወረቀት ይወጣል። ወረቀቱ ርዝመቱ የቱቦው ዙሪያ፣ 120 ሚሊ ገደማ ነው። በየ10 ሚሊው 12 ቦታ ክፈሉትና ከጫፉ ወደ ውስጥ በተራ እነዚህን ምልክት አድርጉ፦ 19፣ 16.5፣ 9.5፣ 0፣ 9.5፣ 16.5፣ ከዚያ ያው ይደገማል። ነጥቦቹን በእጅ አገናኙ፣ ቁረጡ፣ ቱቦው ላይ ጠቅልሉና አስምሩ። ሁለቱ ጫፎች ላይ ያሉት አፎች በአንድ አቅጣጫ መሆናቸውን በቅድሚያ በተሰመረው መስመር አረጋግጡ። የአግዳሚው ርዝመት ከሹል ጫፍ እስከ ሹል ጫፍ 710 ነው፤ አሥር ያስፈልጋሉ፣ አምስት ረድፍ ሁለት ሁለት።

ብየዳው በ2.5 ሚሊ 6013 ኤሌክትሮድ ከ65 እስከ 75 አምፔር ይሠራል። መብራቱ ሲዋዥቅ ቱቦ ከመብሳት ትንሽ መጠበቅ ይሻላል። በጋዝ የሚሠራ ሚግ ያላችሁ የአዳማን ነፋስ አትርሱ፤ ኮረብታዎቹ ላይ የነፋስ ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ነፋሱ ጋዙን ጠርጎ ሲወስደው ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን ይሆናል። በቆርቆሮ ከልሉ፣ ወይም በኤሌክትሮድ ሥሩ። ሁሉንም በአራት አራት ነጥብ ያዙ፣ ዲያጎናሉን ለኩ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እየተፈራረቃችሁ ጨርሱ። አንድ ጎን ብቻ ከተበየደ ብረቱ ወደዚያ ይሳባል።

የፊተኛው ቅስት ላይ ሰያፍ ድጋፍ ጨምሩ። በፈጣን መንገዱ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ነፋስን ፊት ለፊት የሚቀበል ሸራ በአንድ ካሬ ሜትር 55 ኪሎ ያህል ይገፋል።

በየእግሩ ሥር 100 × 100 × 5 ሚሊ ሰሌዳ በይዱ፣ በአራት ኤም 10 ብሎን እሰሩት። ከጭነቱ ወለል በታች ሌላ ሰሌዳ ካልተደረገ ብሎኑ ስሱን ላሜራ ቀዶ ይወጣል። ሻንሲው ላይ አትበይዱ፣ የላይና የታች ከንፈሩንም አትብሱ። መኪናው ላይ የሚበየድ ነገር ካለ የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ፤ የብየዳውን ማሰሪያ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ አድርጉ።

የታሸገ ቱቦ ውስጡ ላብ ያጠራቅማል። በየእግሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ 5 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ። ቀዳዳው ከመጨረሻው ብየዳ በፊት ከተበሳ የሞቀው አየር መውጫ ስለሚያገኝ ብየዳው አይፈነዳም። ቅርፊቱን አራግፉ፣ በቲነር ጥረጉ፣ ነፋሱ ሲያርፍ ጠብቃችሁ ሁለት እጅ ፀረ ዝገት ቀቡ፤ አለዚያ ቀለሙ አቧራ ይለብሳል። ብሎኖቹን ከ500 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እንደገና አጥብቁ፤ ሰሌዳውና ቀለሙ ተጨምቀው ይላላሉ።